ወደ ግራ የሚዞሩት የቀጨሞ አበቦች

በገና ዋዜማ ቀጨሞ ማርያም የደረሰ እንግዳ፣ በደጀ ሰላሙ አጠገብ በተተከለው የጽድ ቅርንጫፍ ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡ የወረቀት አበቦች ተንጠልጥለው ያያል። ቀጭን የወረቀት ቅዳጅ በወስፌ ጫፍ ላይ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ በግራር ሙጫ ተይዞ፣ መሐሉ እንደ እምቡጥ ወደ ፊት ገፋ ተደርጎ ነው የሚሠሩት። ልብ ብሎ ያየ ሰው ታዲያ አበቦቹ አንድም ሳይቀር ወደ ግራ እንደሚዞሩ ያስተውላል። የሌላ አገር ሰው «ምነው አጣመማችሁት?» እያለ ያሾፋል፤ ቀጨሞዎች ግን አይቀየሙም። ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ነገሩ የመጣው ከአንዲት አማት እፍረት ነው።

ወረቀት ብርቅ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ነጋዴዎች ስኳር ጠቅልለው ከሚያመጡበት ሰማያዊ ወረቀት አበባ በመሥራት ወይዘሮ አትጠገብን የሚያህል አልነበረም ይባላል። ከቅርንጫፉ አናት ላይ የሚሰቀለው ዓመት በመጣ ቁጥር የእሷ እጅ ሥራ ነበር። ሲያመሰግኗት «ኧረ ምኑ ይታያል!» እያለች አንገቷን ትሰብራለች፤ ነገር ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው ፊት ቀና የምትልበት ቀን ይህ አንዱ ብቻ ስለነበር ዓመቱን ሙሉ የምትኖረው እሱን እየጠበቀች ነበር። ታዲያ አንድ ዓመት፣ ጾመ ነቢያት ገብቶ ሴቱ ሁሉ ወስፌውን ሲያነሣ፣ የአትጠገብ ጣቶች አልታዘዝ አሏት። ዓይኗም ደክሞ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

በዚያው ዓመት ልጇ ፈንታዬ የምትባል ሚስት አግብቶ ነበር። ልጅቱ ግራኝ ናት። ቀጨሞ ደግሞ ያን ጊዜ መነሻው መድረሻው «በቀኝ ያውለን» የሆነ አገር ነበርና፣ በግራ እጅ የተሠራ ነገር ለማርያም ደጅ አይበቃም ይባል ነበር። አትጠገብም ምራቷ ወስፌ በግራዋ ስታነሣ ብታያት ጊዜ፣

«አንቺ ልጅ፣ በዚያ እጅሽ ለማርያም የሚሄድ ነገር እንዳትነኪብኝ!» አለቻት።

«እሺ፣ እሜቴ» ብላ ልጅቱ አስቀመጠችው። እጇ ግን አላስቀምጥ ስላላት፣ አማቷ ጎረቤት በሄደች ቁጥር ከጎታው ጀርባ ተሸሽጋ ትጠቀልል ነበር አሉ።

የዋዜማው ዕለት ጠዋት፣ የአትጠገብ አበቦች ሁሉ እየተፈቱ አስቸግረዋት፣ ሙጫ ፍለጋ የምራቷን ሙዳይ ከፈተች። ከውስጡ አንዲት ሰማያዊ አበባ አገኘች። በዕድሜዋ እንዲያ ያለ ነገር ሠርታ አታውቅም። መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ ቀናች፣ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራት ወጣች። በግራ እጅ የተጠቀለለ አበባ ወደ ግራ ይዞራል፤ እሷ ግን ዙሯን የሚለይ ዓይን አልነበራትም።

ቄሰ ገበዙ አበባይቱን ከአናት ሰቅለው አዩዋትና «እመት አትጠገብ፣ ዘንድሮስ ከራስዎም በለጡ!» አሉ። ሴቱ እልል አለ። ፈንታዬ ከሴቶቹ መካከል ቆማ የገዛ ሥራዋን አየች፤ አማቷን አየች፤ ከዚያ መሬት መሬት አየች። አትጠገብ ይህን ሁሉ እያየች፣

«እግዜር ይመስገን፣ እጄን ባርኮልኝ ነው» አለች።

ከሴቶቹ አንዷ ቀረብ ብላ «ቆይ እስቲ፣ ይቺ ዙሯ ወደ ግራ አይደለም እንዴ?» ስትል እልልታው ቀጥ አለ። የቄሰ ገበዙም ፊት ጠቆረ።

«በግራ እጅ ጠቅልሎ ለማርያም ያመጣ ማነው?»

አትጠገብ አፏ ቀደማት። «እኔ አላየሁም አባቴ! ምራቴ ናት የሠራችው።»

ፈንታዬ ወደ ፊት ወጣች። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። «እሜቴን አይቆጧቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ አላወቁም።»

ቄሰ ገበዙ ወደ አትጠገብ ዞሩ። «ታዲያ ቅድም እግዜር ባረከልኝ ያሉት የማንን እጅ ነው?»

አትጠገብን ሰርቃ ከመያዟ ይልቅ፣ ሥራዋን የሰረቀችባት ልጅ ከሰው ዓይን ልትሰውራት መሞከሯ ነበር ያቃጠላት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቄሰ ገበዙ አበባይቱን ሊያወርዱ እጃቸውን ሲዘረጉ ግን አትጠገብ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«አያውርዷት፣ አባቴ! ከሙዳይዋ ሰረቅኋት። ምስጋናውን ለራሴ ወሰድኩ፣ ነቀፋው ሲመጣ ለልጅ ሰጠሁ። የሚወርድ ካለ እኔ ልውረድ።»

ቄሰ ገበዙም የዘረጉትን እጅ መለሱ፤ አበባይቱ እዚያው አናት ላይ ዋለች። ፈንታዬም ይቅር አለቻት ይባላል፤ አንዳንዶች ግን ይቅርታው ከልብ እስኪሆን ጊዜ ፈጅቷል ይላሉ፣ ቢሆንም አይፈረድባትም። በተከታዩ ዓመት አትጠገብ ከምራቷ ጎን ተቀምጣ፣ አልታዘዝ ባለው ጣቷ፣ ያውም በግራ እጇ፣ አንዲት ጎባጣ አበባ ጠቅልላ ከቅርንጫፉ ግርጌ ሰቀለች። ያን ያየ ሁሉ እያፈረ በግራው ይሞክር ጀመር። እሷም ከዚያ ወዲህ ሽሮዋን እንኳ ቢያመሰግኑላት «የምራቴ ነው» ማለት ልማዷ ሆኖ ቀረ።

ዛሬም ቀጨሞ የሚጠቀልለው በግራ እጁ ነው። እንግዳ አንዱን አበባ አድንቆ «የማን ነው?» ቢል፣ የሠራው ሰው «የምራቴ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ሚስት ያላገባ ጎረምሳም፣ ወንድ ልጅ ያልወለደች ባልቴትም የሚሉት ይህንኑ ነው። ከአበቦቹ አንዱ ተፈትቶ መሬት ወድቆ ቢገኝና «ይህን ያበላሸ ማነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን፣ በዙሪያው የቆመው ሁሉ እየተሽቀዳደመ «እኔ ነኝ» ይላል።