የአያ ልየው እንጆሪ ለምን አላፈራም?

አንድ ቁጣው ከወተት ቀድሞ የሚገነፍል ገበሬ ነበር። ስሙ ልየው ይባላል። አገሩ ደጋ ነው፤ ጓሮው ከወንዝ አፋፍ ላይ ነው። ልየው ሰነፍ አልነበረም። የመንደሩ ሰው «ከልየው ማሳ አረም ራሱ ፈርቶ አይበቅልም» ይለው ነበር። ጉድለቱ አንድ ነው፤ መጠበቅ አይችልም። ምጣድ ላይ የተጣደ ቆሎ እንኳ ሳይፈካ ያፍሰዋል።

የሚስቱ ወንድም አበጀ ከወንዙ ማዶ ይኖራል። የአበጀ አጥር እንጆሪ ነው። ሚያዝያ ሲገባ ያ እሾሃም አጥር በቀይ ፍሬ ይሸፈናል። መንገደኛ ቆሞ ይበላል፤ ወፍ ትበላለች፤ የሰፈሩ ልጆች ከንፈራቸው ቀልቶ ይውላል፤ ከዚያም ተርፎ በቅርጫት ይለቀማል። ልየው ይህን አይቶ ቀና። ከአበጀ ችግኝ ለምኖ ወሰደና የጓሮውን ዳር ዳር ሁሉ ተከለበት።

እንጆሪው ያዘ። በክረምቱ ከሥሩ አረንጓዴ ዘንጎች እየተወረወሩ ወጡ፤ ቁመታቸው ከሰው በለጠ። ጥር ላይ መከሩን አስገብቶ ጓሮውን ሲያጸዳ ግን ዘንጎቹ ተንጨባረው፣ አንድም ፍሬ ሳይዙ ቆመው አያቸው። ማጭዱን ስሎ ከሥራቸው አጨዳቸው። በክፋት አልነበረም። ጌሾም ባሕር ዛፍም ሲቆረጥ ታድሶ ይበቅላል፤ ይህም ሲቆረጥ ይበረታል ብሎ ነው። ያልነካት አንዲት ጥግ ብቻ ነበረች፤ እዚያ ተርብ ቤቱን ሠርቶ ስለነበረ ፈርቶ ተዋት።

ሚያዝያ ደረሰ። የአበጀ አጥር ቀላ። የልየው አጥር አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ከተርቡ ጥግ የምትገኘው ጥቂት ፍሬ ለአንድ አፍ እንኳ አትበቃም።

«ውኃ ጠምቶት ነው» አለና ቦይ ቆፍሮ ውኃ ሳበለት። በሚቀጥለው ዓመት ቅጠሉ ጨመረ፤ ፍሬ የለም።

«አፈሩ ደክሞ ነው» አለና የበረቱን ፍግ ሁሉ አለበሰው። ቅጠሉ እንደ ጎመን ሰፋ፤ ፍሬ የለም።

«ወፍ ነው የሚጨርስብኝ» አለና አሮጌ ካፖርቱን በእንጨት ላይ አልብሶ አቆመ። ሚስቱ ማንጠግቦሽ ከበሩ ላይ ሆና አየችው።

«ፍሬ ከሌለው ወፉ ምን ሊበላ ይመጣል?» አለችው።

«ዝም በይ እስቲ!» አላት። ምክንያቷ እውነት መሆኑ ይበልጥ አናደደው። በኋላም ነገሩ የሰው ዓይን ነው ብሎ የበሬ የራስ ቅል ሰቀለበት። የራስ ቅሉም ካፖርቱም ተያይተው ከረሙ። ጥር ሲመጣ ደግሞ እንደ ልማዱ ማጭዱን ይስላል፤ ከተርቡ ጥግ በቀር ሁሉንም ሙልጭ አድርጎ ያጭዳል። እንጆሪው በየዓመቱ እንደገና ይበቅላል፤ እሱም በየዓመቱ እንደገና ይናደዳል።

ልየው የሚናደድበት ሌላም ነበረው፤ ቢያድግልኝ የሚባለው አንድ ልጁ። መጀመሪያ ቄስ ትምህርት ቤት አስገባው። ልጁ ፊደል ሲቆጥር ከረመ፤ «ዳዊት መቼ ሊደግም ነው?» ብሎ አስወጣው። ልብስ ሰፊ ዘንድ አስቀጠረው። ልጁ ቁልፍ ሲተክል ዓመት ሞላው፤ «ኮት ሳይሰፋ ሊያረጅ ነው!» ብሎ አስወጣው። አሁን ጎረምሳ ሆኖ ከተማ ውስጥ አንድ ግንበኛ ዘንድ ገብቷል። ድንጋይ ያቀብላል፣ ጭቃ ያቦካል። ልየው ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። «ድንጋይ ለመሸከም ከሆነ እዚህም ድንጋይ ሞልቷል። ዕቃህን ሸክፈህ ና» ብሎ ገበያ በሚወርድ ጎረቤት አፍ ላከበት።

በዚያው ሰሞን የማኅበር ተራው ደረሰ። ከዚያ በፊት ማኅበርተኞቹ ፊት «የእኔ ተራ ሲደርስ እንጆሪ በቅርጫት ነው የማቀርብላችሁ!» ብሎ ፎክሮ ነበር። ስለዚህ በማለዳ ተነሥቶ ወደ ተርቡ ጥግ ገባ። ተርብ ዓይኑ ሥር ነደፈው። ይዞ የወጣው ፍሬ የቅርጫቱን ታች እንኳ አልሸፈነም። ማንጠግቦሽ ባለቀ ሰዓት ትንሽ ሳህን ፈልጋ አቀረበችው።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀልድ ይወዳሉ። ሳህኑን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩትና ልየውን አዩት።

«ልየው፣ ይኼን እንብላው ወይስ ተሳልመን እንለፍ?» አሉት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልየው ባበጠ ዓይኑ አንድ በአንድ አያቸው፤ ከእንግዶቹ መሐል አበጀ ከሁሉ ይበልጥ የሚስቅ መሰለው።

በነጋታው አንዱን እንጆሪ ከነሥሩ ነቀለው፤ እሾሁ ትከሻውን እየቧጨረው ወንዙን ተሻገረና የአበጀ ደጅ ላይ ወረወረው።

«አበጀ! ውጣ!»

አበጀ እጁን እየጠረገ ወጣ። «ምን ሆንክ አያ ልየው? ደህና አደርክ?»

«መካኑን ነው የሰጠኸኝ! የሚያፈራውን ለራስህ አስቀርተህ መካኑን ለእኔ! ከእንግዲህ አንተ የልጄ አጎት አይደለህም፤ እኔም የእህትህ ባል አይደለሁም!»

«ኧረ በፈጣሪ! ከዚሁ አጥር አይደል የነቀልኩልህ? ይኼን ስጠኝ፣ ያንን ተወው እያልክ የመረጥከው አንተው አይደለህም?»

«እንግዲያ ምን ቀረኝ? ውኃ አጠጣሁት። ፍግ አለበስኩት። ወፍ ጠበቅሁለት። ጥር በመጣ ቁጥር ሙልጭ አድርጌ አጨድኩት…»

«ቆይ ቆይ። ምን አደረግኸው?»

«አጨድኩት።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም ነዋ! ከሥሩ!»

አበጀ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። የልየውን ክንድ ይዞ ወደ አጥሩ ወሰደው።

«ይኼን ለምለሙን ዘንግ ታያለህ? ዘንድሮ ነው የወጣ። ዘንድሮ ሥራው ማደግ ነው፤ ሌላ ነገር አትጠይቀው። ፍሬ የሚሰጠው ለከርሞ ነው። ያ ፍሬ የተሸከመው ደግሞ አምና የወጣው ነው። አፍርቶ ሲጨርስ ይደርቃል፤ የሚቆረጠው እሱ ነው፤ የደረቀው። አንተ ግን ለማፍራት የተዘጋጀውን እያጨድክ፣ ገና የበቀለውን ፍሬ አምጣ ትለዋለህ። ተርብ የጠበቀልህ ጥግ ብቻ ያፈራው ለምን ይመስልሃል?»

 የልየው ቁጣ እንደገና መጣ።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሃለሁ እንጂ! ችግኙን ስሰጥህ ‹አያ ልየው፣ የዚህ ነገር አቆራረጡ…› ብዬ ስጀምር ‹እኔን ነው እርሻ የምታስተምረኝ?› ብለህ ተሸክመህ ሄድክ። ጀርባህን ምን ልንገረው?»

ልየው ወንዙን ተሻግሮ ተመለሰ። መንገዱን ሙሉ የሚቆጣው ሰው ፈለገ። አበጀ አይደለም። ወፍ አይደለም። አፈሩም፣ ጎረቤቱም አይደለም። የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ላይ ደግሞ ጮሆ አያውቅም።

ቤት ገብቶ ለማንጠግቦሽ ነገራት። ትስቅብኛለች ብሎ ነበር፤ አልሳቀችም።

«አንተ ሰውዬ፣ ያጨድከው እንጆሪውን ብቻ መሰለህ?» አለችው። «ልጁን ከፊደሉ አነሣኸው። ከመርፌው አነሣኸው። አሁን ደግሞ ከግንቡ ልታነሣው ነው። ‹ቢያድግልኝ› ብለህ ስም ያወጣህለት አንተ ነህ። መቼ ነው እንዲያድግ የተውከው?»

«ልጅና እንጆሪን ምን አገናኘው!» ብሎ ጮኸና ወጣ። ግን ሩቅ አልሄደም። የበሬው የራስ ቅል ሥር ቁጭ ብሎ አመሸ። ያን ቀን ራት አልበላም።

ሲነጋ ወደ ከተማ ወረደ። መልእክቱ ቀድሞት ደርሷል። ቢያድግልኝ ዕቃውን በነጠላ ቋጥሮ፣ ካልተጠናቀቀው ግንብ አጠገብ ቆሞ አገኘው። ፊቱ ጠቁሯል።

«ዕቃህን መልስ» አለው ልየው። «ሥራህን ቀጥል።»

ልጁ አየው። «አባ፣ ትናንት ና አልከኝ። ዛሬ ደግሞ እዚሁ ቅር ትለኛለህ። ባለፈው ከመርፌው አታንሣኝ ብዬ ስለምንህ ሰምተኸኛል? እኔ መነቀል ታከተኝ። አሁን ብቀር የሚቀጥለው ወር ተመልሰህ እንዳትመጣብኝ በምን አምናለሁ?»

 ግንበኛው ሰምቶ ከመሰላሉ ወረደ፤ እሱም ተናዶ ነበር።

«አባት፣ ይኼ ልጅ ጨው ነው ወይስ በርበሬ? ዛሬ አውሰውኝ ነገ መልስ የሚሉኝ? ድንጋይ ሲያቀብል የከረመው ድንጋይ እንዲያውቅ ነው። የትኛው ለማዕዘን፣ የትኛው ለመሙያ እንደሚሆን አሁን በእጁ ይለያል። የግንቡ ቀጥታ የሚለካበትን ቱምቢ ላስይዘው ስል እርስዎ ላኩበት። በቦታው ሌላ ሰው ልቀጥር ነው።»

ልየው በዕድሜው ለምኖ አያውቅም። ያን ቀን ለመነ። ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። 

«ይቀመጥ» አለ ግንበኛው በመጨረሻ። «ግን ይኼ ቤት ጣራ እስኪለብስ ድረስ እርስዎ እዚህ ድርሽ እንዳይሉ።»

ቢያድግልኝ ቋጠሮውን ፈታና ወደ ጭቃው ተመለሰ። አባቱን ዞር ብሎም አላየው።

ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ መጣ። ልጁ ያቆመው የመጀመሪያ ማዕዘን ጠምሞ ፈርሶ እንደገና ተገነባ የሚል ወሬ ደረሰው። ልየው ዱላውን አነሣ፤ እስከ ወንዙ ወረደ፤ ተመለሰ። ጥር መጣ። ማጭዱን ይዞ ጓሮ ገባ። ለምለሞቹ ዘንጎች እንደ ድሮው ተንጨባረዋል፣ እንደ ድሮው ባዶ ናቸው። እጁ በላው። እያጉረመረመ በተርቡ ጥግ አፍርተው የደረቁትን ብቻ መርጦ ቆረጠ፤ ለምለሞቹን አለፋቸው። ያን ያህል ሥራ ሳይሠራ ውሎ ያን ያህል ደክሞት አያውቅም።

ሚያዝያ ላይ እንጆሪው አፈራ። ከጥግ እስከ ጥግ፣ ዘንጉ እስኪጎብጥ ድረስ አፈራ። ማንጠግቦሽ ቅርጫት ይዛ ስትወጣ ባሏ አጥሩ ፊት ቆሞ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ጸጉሩን ሲያክ አገኘችው።

«አሁንስ ምን ሆንክ? አፈራልህ አይደል እንዴ?»

«እሱ አይደል የሚያናድደኝ!» አለ ልየው። «ያ ሁሉ ዓመት ያጨድኩት ይኼን ነበር።»

ማንጠግቦሽ ቅርጫቱን አስያዘችውና ሁለቱም መልቀም ጀመሩ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ ፍሬ የሚጠፋው ዘሩ መካን ሆኖ፣ ወይም መሬቱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሊያፈራ አንድ ወቅት ሲቀረው የሚያጭደው እጅ ስላለ ነው። ለማደግም የራሱ ዓመት አለው፤ ለማፍራትም የራሱ ዓመት አለው። አንዱን በሌላው ወቅት የሚጠይቅ ሰው ሁለቱንም ያጣል። ስለዚህ ልጃችሁ፣ ተማሪያችሁ፣ ትዳራችሁ፣ ወይም የጀመራችሁት ሥራ «አላፈራም» ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት፣ የደረቀውንና ለምለሙን መለየታችሁን ጠይቁ።

እናንተስ፣ ዘንድሮ ማጭድ የሳላችሁበት ለምለም ነገር ምንድን ነው?