የእመት ጃርት ግሳት

በዚያ ጫካ ንጉሥ አንበሳ እህል አይበሉም ነበር፤ እህል የበላውን እንጂ። ስለዚህ ሊቁ ጦጣ ስንት ክረምት ተመራምሮ በግ የሚያሰባ ማሽላ አወጣ። ቁመቱስ! ደመና እንኳ ዞሮ ነበር የሚያልፈው። ጫፉ ላይ ጎጆ የሠራች ወፍ እንቁላል ቢያመልጣት፣ መሬት ሳይደርስ ተፈልፍሎ፣ ላባ አብቅሎ፣ በርሮ ወደ እናቱ ይመለሳል። ማሳው ሁሉ የማሽላ፣ ማሽላው የበግ፣ በጉ የንጉሡ ሆነ። ለቀረው አውሬ አገዳው ተረፈው።

የንጉሡን ግብር ከበሉ በኋላ አግስቶ ማመስገን የአገሩ ወግ ነው። ግብሩ ከቀረ ቆይቷል፤ ግሳቱ ግን አልቀረም። ጦጣም የሕዝቡን ጥጋብ የሚለካው በዚሁ ነው፤ ጉባኤው ሲያገሳ ጆሮውን ቀስሮ ያዳምጣል።

ለእመት ጃርት የቀረቻት ወንዝ ዳር ያለች አንዲት የጎደሬ መደብ ናት። ልጆቿ ሥሩን ይበላሉ፤ እሷ ሽታውን። የዛሬው ጉባኤ የተጠራው ያችም መደብ ለማሽላ እንድትሆን ነው።

«ዛሬስ አላገሳም» አለችው ጎረቤቷን ኤሊን።

«ተይ አንቺ! እኔ እንኳ ነፋስ ውጬ ነው የመጣሁት።»

«ርቦናል ብዬ እናገራለሁ።»

«ተናገሪ። እኔ ቤቴ ሆኜ እሰማሻለሁ» አለና ጭንቅላቱን ወደ ድንጋይ ልብሱ ሳበ።

ጦጣ ተነሣ። «ንጉሥ ሆይ፣ ሺህ ዓመት ይንገሡ! በጥናታችን መሠረት የተራበ የለም። ወገኖቼ፣ እስቲ አሰሙ!»

ጫካው በግሳት ተናወጠ፤ ቅጠል ረገፈ። ጃርት ብቻ ጥርሷን ነክሳ ቆመች።

ንጉሡ አዩዋት። «እመት ጃርት፣ አንቺስ አልጠገብሽም?»

«ንጉሥ ሆይ፣ እኛ...» ብላ አፏን ስትከፍት፣ ባዶ የሰነበተው ሆዷ ያጠራቀመውን ነፋስ ሁሉ ይዞ ቀደማት። እንዲያ ያለ ግሳት በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም። ሦስት ኮረብታ ማዶ የተኛ ጅብ «ማነው ሳይጠራኝ የደገሰ?» ብሎ ብድግ አለ።

«ይኸው!» አለ ጦጣ። «ከሁላችን የጠገበችው እሷ ናት። መደቡ ምን ያደርግላታል?»

ንጉሡ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉባኤው አንድ ጊዜ ደግሞ አገሳና ተበተነ።

ጃርት ቤቷ ስትደርስ ጎደሬው ተነቅሎ አልቋል።

«እማዬ፣ ምን አሉሽ?» አሏት ልጆቿ።

እሷ ቃል ሳታወጣ ሆዷ በግሳት መለሰላቸው። ልጆቿም ግብር በልታ የመጣች መስሏቸው፣ ድርሻቸውን እስክታወጣ ድረስ እጅ እጇን ያዩ ጀመር።