የነጋዴው አውድማ

ማይክሮኮንትሮለር የሚባለውን፣ መሣሪያ የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር የሚያስተምሩትን መምህር አንዲት ተማሪ ጠየቀቻቸው፦ «መምህር፣ የሠራሁት የእንቁላል ማስፈልፈያ እንዲጠብቅ ያዘዝኩትን ሙቀት በራሱ ጊዜ ከፍ ያደርገዋል። የሙቀቱን ትእዛዝ ደጋግሜ አየሁት፤ ስህተት የለበትም። የእናቴ እንቁላሎች በሙሉ ተበላሹ። ምን አጥፍቼ ነው?»

መምህሩ ለማሽኑ በአሴምብሊ ቋንቋ የጻፈችውን ትእዛዝ ከላይ ከላይ አዩና ወረቀቱን መለሱላት።

«አንድ ሰው ነበረ። ዕድሜውን በንግድ ጨርሶ በስተርጅና ገበሬ ልሁን አለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። ቀይ ጤፍ ዘራ፤ አማረለት፤ አጭዶ ከመረ። አውድማ ሲያዘጋጅ የክምሩን ዙሪያ በገመድ ለካና ያንኑ የሚያህል መሬት ጠርጎ በእበት ለቀለቀ። ከዚያ አልፎ መያዝ ስስት መሰለው። ክፉ ሰው አልነበረም።

«ከጎኑ የአንዲት ባልቴት አውድማ ነበረ። እሷ የምትዘራው ከአባቷ የወረሰችውን ነጭ ጤፍ ነው። አገሩ ሁሉ ለዘር የሚወስደው ከእሷ ነበር፤ የምትከበረውም በዚያ ነበር። በዓመቱ ማሳዋ ቀይና ነጭ ተደባልቆ ሰርገኛ አወጣ። ወንፊቷን ቀየረች፤ ጎተራዋን አራገፈች። በመጨረሻ እህል የምታስገባላትን ምራቷን ጠረጠረችና እስከ መኳረፍ ደረሱ። ወደ ነጋዴው ያየ ግን ማንም የለም፤ የእሱ ጤፍ ንጹሕ ቀይ ነበራ!

«የመውቂያው ጊዜ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ሊያስታርቁ መጡ። ጎተራውን አላዩም። ባልቴቷ አውድማዋን ገና ለቅልቃ መነሳቷ ነበር። ሽማግሌው ነጋዴውን ‹በሬዎችህን ባዶ አዙር› አሉት። ግራ እየገባው አዞረ። በሬ በጠባብ ቦታ አይዞርም፤ እየሰፋ ሄደና ኮቴው እርጥቡ እበት ላይ ታተመ፤ በባልቴቷ አውድማ ላይ።

«‹እኔኮ ክምሩን ለክቼ ነው የያዝኩት› አለ ሰውየው ደንግጦ።

«‹ክምሩ እንደተከመረ ይቀራል? ይበራያል እንጂ! አምናም ቀይ ጤፍህ በበሬዎችህ ኮቴ ተሻግሮ ዘሯ ውስጥ የገባው እንዲሁ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ› አሉት።

«ነጋዴው አውድማውን አሰፋ። ባልቴቷም ከምራቷ ጋር ታረቀች። ዘሩ ግን አልተመለሰም፤ ጤፍን ከጤፍ ማን ለቅሞ ይጨርሳል?»

መምህሩ ወደ ተማሪዋ ዞሩ።

«ነጋዴው አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ደቂቃ ለሚቆጥረው ቫሪያብልሽ እስከ 255 ብቻ የሚይዝ የአንድ ባይት ቦታ ያዝሽለት፤ ሲጀምር ዜሮ ነውና በቃው። ትእዛዝሽ ግን ሁለት ባይት እንዳለው አድርጎ ይቆጥርበታል። አንዱ ባይት ሲሞላ ትርፉ ጎረቤቱ ላይ ይወድቃል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ያዘዝሽው ሙቀት ነው። አንቺ ምንም ያልበደለውን ሙቀት ስትመረምሪ ሰነበትሽ። ቦታ ስትይዢ ዛሬ ያለውን ሳይሆን ሲሞላ የሚደርስበትን ለኪ።»

ተማሪዋ አንገቷን ደፋች። «እሺ፣ ሁለት ባይት እይዝለታለሁ። እንቁላሎቹስ?»

«እነሱማ እንደ ባልቴቷ ዘር ሆነዋል። ሌላ እንቁላል ስጪኝ ብለሽ እናትሽ ፊት ከመቆምሽ በፊት ግን፣ ማስፈልፈያሽን ያለ እንቁላል አስጀምረሽ በሬዎችሽን ባዶ አዙሪ።»