የልዑልሰገድ አስታማሚ

በአንድ ወቅት ድሬዳዋ ላይ ልዑልሰገድ የሚባል የሮክ ዘፋኝ ነበር። ሰርግ ላይ ሲጠሩት «እስክስታ የሚያስመታ ነገር የለህም?» ይሉታል፤ እሱ ግን ጊታሩን እያስጮኸ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይዘፍናል። በኋላ ጉሮሮው እውነትም ታመመ።

ሐኪሙ እንደ አገሩ ልማድ የበሽታውን ስም ለበሽተኛው አልነገረም። የነገረው ለሚወዱት ሦስት ሰዎች ነው፦ ለታላቅ እህቱ ለውድነሽ፣ ለባንዱ ድራም መቺ ለረምዚና ለእጮኛው ለትርሲት። «ካንሰር ነው። ማንቁርቱ ከወጣ ይኖራል፤ ግን አይዘፍንም፣ አይናገርም። ካልወጣ ይሞታል።»

እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገችው ውድነሽ ናት። «ከነገርነው እምቢ ይላል፤ አውቀዋለሁ» አለች። ለእሱ «ትንሽ እባጭ ናት፣ ወንድምዬ» አለችውና በራሷ ፊርማ ቀዶ ጥገናውን አስደረገች። ሲነቃ አንገቱ ላይ ቀዳዳ ነበር፤ ድምፅ አልነበረም። ግን ነቃ።

ረምዚ ደግሞ በቀዶ ጥገናው ዋዜማ ስቱዲዮ ወስዶት ነበር። «ጉሮሮዬ ደም ደም ይለኛል፤ ስድን እንቀዳለን» ቢለው፣ «አቦ አታካብድ! ዝፈን!» አለው። ልዑልሰገድም የመጨረሻው መሆኑን ሳያውቅ፣ እየቀለደ፣ ሲሳሳት «ይቺን ሌላ ቀን እንደግማታለን» እያለ ዘፈነ። ያ ድምፅ ዛሬም አለ።

ትርሲት መጀመሪያ ዝም ብላ ነበር። በኋላ ግን ሁሉም «ድምፅህ ቀስ ብሎ ይመለሳል» ሲሉት፣ እሱም አምኖ በየማለዳው መስታወት ፊት አፉን ከፍቶ ሲታገል ማየት አቃታት። «ልዑሌ፣ አይመለስም። ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔም» አለችው። መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። በሽታው ሲያገረሽበትም መድኃኒቱን በእጁ እየገፋ እምቢ አለ።

ልዑልሰገድ ነገን እንደማያይ ሐኪሙ በነገራቸው ቀን የመጠየቂያው ሰዓት አለቀ። የሆስፒታሉ ጥበቃ በር ላይ ቆሞ «አስታማሚ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለታችሁ ውጡ» አለ። ማንም አልተነቃነቀም።

«እስከ ዛሬ የኖረው በእኔ ነው» አለች ውድነሽ።

«ይሄም ኑሮ ሆነና!» አለ ረምዚ። «ልዑል ያለው እኔ የቀዳሁት ውስጥ ነው።»

«ሁለታችሁም ዋሻችሁት» አለች ትርሲት። «እውነቱን የነገርኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

«ከተቆረጠ በኋላ!» አለ ረምዚ።

«ነግረሽ ገደልሽው!» አለች ውድነሽ።

ጥበቃው ሰለቸው። «እንዴ፣ ሰውዬው እያያችሁ አይደል? እሱን ለምን አትጠይቁትም?»

በዚያ ሁሉ የሕመም ዘመን እሱ ይጠየቅ ያለ ሰው ይህ ስሙን እንኳ የማያውቅ ጥበቃ ብቻ ነው።

ልዑልሰገድ ሦስቱንም በተራ አየ። እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣ፣ ጣቱን ዘረጋ። ወደ ማንም ሳያመለክት ግን እጁ ወደቀ፤ እሱም አለፈ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ሦስቱም ስለወደዱት ነው ብላችሁ አትሸንግሉኝ፤ ሳይጠየቅ የኖረው በሚወዱት ሰዎች መካከል ነው። ዕድሜ የቀጠለችለት፣ ድምፁን ያስቀረለት ወይስ እውነቱን የነገረችው፤ በዚያ አልጋ አጠገብ መቅረት የሚገባው ማን ነበር?