ከአንሶላው ጀርባ ያለው ሶላር

አንድ ጊዜ እንስሳት በአንድ ኮንዶሚኒየም ተጎራብተው ሲኖሩ፣ የተማረችና ዓይን አፋር ለሆነችው አህያ ቀበሮ ሶላር ይዞላት መጣ።

«በረንዳሽ ላይ ታቆሚዋለሽ፣ ገመዱን ሶኬት ላይ ትሰኪያለሽ፣ አለቀ» አላት።

«የአንበሳ ደንብ እኮ ከመስመሩ ጋር የሚገናኝ ነገር ሁሉ አስቀድሞ ይፈተሽ ይላል።»

«እሱ ጣሪያ ላይ ለሚተከለው ነው። በረንዳ የሚል ቃል አንብበሻል?»

አላነበበችም። ገዝታ ሰካችው። ልቧ ግን አላረፈም፤ ጎረቤቷ ጅብ እንዳያይባት በእሱ በኩል ሁልጊዜ አንሶላ ታሰጣለች።

«ይህ አንሶላ አይደርቅም እንዴ?» ይላታል ጅብ። እሷ አንገቷን ደፍታ ትገባለች።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። የመስመር ሠራተኛው ዝንጀሮ መጥቶ ምሰሶው ላይ መውጣት ጀመረ።

«ፍጠን እንጂ ጋሼ ዝንጀሮ፣ ሥጋዬ ሊበላሽ ነው» አለ ጅብ ከታች።

«ቀስ በል አያ ጅቦ። ከዋናው አስጠፍቻለሁ፤ ሽቦው አሁን ባዶ ነው።»

አህያ ይህን ስትሰማ ወደ ፍሪጇ ዞረች። ፍሪጁ ይሠራል። ከሶላሯ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በሶኬቷ አልፎ ዝንጀሮ ወደሚይዘው ሽቦ እየሄደ ነው። ሮጣ ገመዱን ነቀለችው። ማንም ሳያውቅ አለፈ ብላ ተነፈሰች።

ፍሪጁ ግን አላቆመም።

ቀበሮ የሸጠው ለእሷ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። የዝንጀሮ እጅ ወደ ሽቦው ተዘረጋ። አህያ አንሶላውን ጎትታ ጣለችው።

«ጋሼ ዝንጀሮ፣ እንዳትነካው። ሽቦው ባዶ አይደለም። እኔ ሶላር ደብቄ ሰክቼ ነበር፤ ሌሎችም አሉ።»

የዝንጀሮ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ደንብ አፍርሳለች፤ ለእኔ ስጡኝ» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ።

«መጀመሪያ የሰካ ሁሉ ይንቀል» አለ ዝንጀሮ።

የበግ በረንዳ ተከፈተ፣ ቀጥሎ የፍየል። ጅብም ድምፁን አጥፍቶ ገባ። እሱ የራሱን ሶላር ያቆመው ፀሐዩን ሌላ እንዳይበላበት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

በመጨረሻ የአህያ ፍሪጅ ዝም አለ። ዝንጀሮ በመፈተሻው ሽቦውን ነክቶ አረጋገጠና ወደ አህያ ዞረ።

«ነገ ሶላሩን ይዘሽ ቢሮ ነይ። መብራት ሲጠፋ ራሱን የሚያጠፋ ከሆነ እኔው መጥቼ እሰካልሻለሁ። አንሶላሽንም ፀሐይ ላይ አስጪው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ደንቡ በግልጽ ባይከለክለንም እንኳ በቤታችን የሰካነው ነገር የሌላውን እጅ የሚነካ ከሆነ ልንደብቀው እንደማይገባ ነው።