ባዶዎቹ ቀናት

እታገኝ መርዶው የደረሳት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ፣ ባሏ መምህር ልሳኑ ለልብ ሕክምና ከሄደበት ከተማ እንደማይመለስ ሳይነግሯት ገባት። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነላትም። ከጓዳ ወደ በር፣ ከበር ወደ ጓዳ ስትመላለስ የምታስበው ሊሄድ ሲል የነገራትን ነው።

ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ሬዲዮው ስለ አቶም ኃይል ማመንጫ ያወራ ነበር። እሷም የቱ እንደሚረክስ ጠየቀችው፤ የአቶሙ መብራት ወይስ የነፋሱና የፀሐዩ። ልሳኑ እንደ ልማዱ በቀጥታ አልመለሰላትም።

አንድ ሰው ነበረ፣ አላት። ውኃ በራቀው ቆላ ይኖር ነበርና ዓለት ሰንጥቆ ጥልቅ ጉድጓድ ሊያወጣ ተነሣ። ውኃው አንዴ ከተገኘ ክረምት ከበጋ አይነጥፍም። ግን በሦስት ዓመት ይደርሳል ያለው ስምንተኛ ዓመቱን ያዘ፤ በሬዎቹም በዚያው ተሸጠው አለቁ። ጎረቤቱ ገበሬ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ አሸንዳ አስሮ በርሜል ደቀነ፤ በመጀመሪያው ዝናብ ጠጣ። በጉድጓዱ አጠገብ ባለፈ ቁጥር ጎንበስ ብሎ «ወንድሜ፣ በምድር ወዲያኛው በኩል ልትወጣ ነው እንዴ?» ይለዋል። ቆፋሪውም ከታች «ጥር ላይ እንተያያለን» ይላል።

ጥር ገባ። በርሜሉ ደረቀ፤ ጉድጓዱም ገና ዓለት ነው። የቆፋሪው ልጅ ትኩሳት ይዟት ውኃ ውኃ ስትል እናቷ ጀሪካን ይዛ ጎረቤት ሄደች፤ ባዶውን ይዛ ተመለሰች። ጀሪካኑን ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጠችና «አንተ ገና ነው ትላለህ፣ እሱ አልቋል ይላል። ልጅህ የትኛውን ትጠጣ?» አለችው።

ሰውየው ድጅኖውን ጥሎ ወጣ። ወንዝ ወርዶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እየሮጠ ወረደ። መንገድ ላይ ጎረቤቱን እሱም ጀሪካን ተሸክሞ አገኘው። ያን ቀን አንዳቸውም አልቀለዱም። ልጅቷ ጠጣች፤ ተረፈች።

ልሳኑ ሻንጣውን ዘግቶ ወደ እሷ ዞረ።

«ጉድጓዱ አቶሙ ነው፤ በርሜሉ ነፋሱና ፀሐዩ። የአንዱን ጀሪካን ዋጋ ማንም ይነግርሻል። አንቺ ወንዝ የተወረደበትን ቀን ጠይቂ። የጉድጓዱ ባዶ ቀን ውኃው ከመገኘቱ በፊት የተከመረ ነው፤ የበርሜሉ በየዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። እሱን ሳትቆጥሪ ይሄኛው ይረክሳል አትበይ።»

«ጉድጓዱስ ውኃ ወጣው?» አለችው።

«ስመለስ እነግርሻለሁ።»

ባለቤቱ እታገኝ ይህን የጻፈችው ቃሉ እንዳይጠፋ ነው። አሁን እሷም እሱ የሌለበትን ባዶ ቀን ትቆጥራለች። ያነበባችሁ ሁሉ፣ ለመምህር ልሳኑ ነፍስ ይማር በሉለት።