ጆፌ አሞራና ድሮኗ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ላም ያላችሁ በረታችሁን ዘግታችሁ ስሙኝ።

ወንዝ የሚያህል የኤሌክትሪክ ኃይል በቀጫጭን ሽቦዎች የሚያልፍበት ሸለቆ ነበር። አንድ ጆፌ አሞራ በሁለት ሽቦዎች መካከል ሲያልፍ ክንፉ ተቃጥሎ ለጥቂት ተረፈ። "ከሽቦው ራቁ" ብሎ ቢመክር፣ የአእዋፍ ጉባኤ "ፈሪ" ብሎ አባረረው። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ የሽቦውን ጉምጉምታ እየተደነቀ ያዳምጣል።

አንድ ቀን አንዲት ድሮን ሽቦዎቹን በተሸከመው ምሰሶ ላይ የተሰነጠቀ ሲኒ፣ ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየውን ሸክላ፣ ልትፈልግ መጣች።

"ልጄ፣ ዓይንሽ ሩቅ ያያል፤ እዚህ ቋጥኝ ጋ ሆነሽ ፈልጊ" አላት ጆፌ።

"አባባ፣ ድንቢጦቹ ሽቦው ላይ ተቀምጠው የለ እንዴ?"

"ድንቢጥ የምትነካው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው፤ አንቺ ግን ሰፊ ስለሆንሽ ሁለቱን ባንዴ ትነኪያለሽ።"

"ክንፍዎን ያስጠበሱትም እርስዎ፣ መካሪውም እርስዎ" ብላ ሳቀችና አለፈች።

ሽቦው አጠገብ ስትደርስ የኤሌክትሪኩ ኃይል አቅጣጫ መሪዋን አዞረባት፤ ሁለቱን ሽቦዎች ባንዴ ነካች። ሸለቆው ሁለተኛ ፀሐይ የወጣችበት መሰለ። ከድሮኗ አመድ እንኳ መሬት አልደረሰም። ሽቦው ግን ለአፍታ ዝም ብሎ ጉምጉምታውን ቀጠለ።

አእዋፍ ከሽቦው ሸሽተው ቋጥኙ ላይ ተሰበሰቡ። የጉባኤው አለቃ ቁራ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ቋጥኝ ማንም አይለፍ" ብሎ ደነገገ። ሁሉም ብልህነቱን አመሰገኑ። ጆፌም ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው።